ሳቲኑን እንደገና ከመቁረጥሽ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የታላቅ እህቴ ሠርግ ጥር ውስጥ ሐረር ላይ ይደገሳል። ለማታው ግብዣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ይለበስ የነበረውን ዓይነት ቀሚስ ራሴ ፓተርን (የመቁረጫ ወረቀት ንድፍ) አውጥቼ ሰፋሁ። ላዩ ሰውነት የሚይዝ፣ አጭር እጅጌው ከደረቱ ጋር አንድ ላይ የተቆረጠ፣ አንገቱ ወደ ትከሻ ሰፋ ያለ፣ ጉርዱ ሙሉ ክብ ነው። ደረቴ 92፣ ወገቤ 72 ሲሆን ወገቡን 2 ጨምሬ በ74 ሠራሁት። የጉርዱን ወገብ ከመሐል ነጥቡ በ11.8 ቆርጬ 1.5 ገብቼ ሰፋሁት፤ ርዝመቱ 70 ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ሳቲን ነው፣ ወርዱ 150፤ ግማሽ ሜትር ያህል ተርፎኛል። ስለብሰው ግን ጉርዱ ከላዩ ክፍል 10 ሳንቲም ያህል በለጠ፣ አንገቱ ከፊት አፉን ከፈተ፣ ደረቱ ላይ ሹል ነገር ወጣ፣ እጄን ሳነሳ ብብቴ ሥር ተቀደደ፣ የግራ ጎኑ ዚፕ ተሸበሸበ፣ የታችኛው ጫፍ ከፍ ዝቅ አለ። የምደርበው አጭር የከፋይ ጃኬትም ግራና ቀኙ ሁለት ቀለም መሰለ። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ትቼው የተሰፋ ልግዛ?
የከዚራዋ

መልስ፦ እህታችን፣ አትተዪው። ከዘረዘርሻቸው ሰባት ችግሮች ስድስቱ በእጅሽ ባለው ጨርቅ ይስተካከላሉ። አዲስ ጨርቅ የሚፈልገው ጃኬቱ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንትም ይበቃል፤ የማይበቃው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጨርስ ብለሽ መቀስ ካነሳሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ልብስ የሚንጠለጠለው ከትከሻ ስለሆነ ማስተካከልም የሚጀመረው ከላይ ነው። ትከሻውን አንድ ሳንቲም ስታነሺ ደረቱም፣ ወገቡም፣ የጉርዱ ጫፍም አብረው ይነሳሉ። ጫፉን ዛሬ ብታስተካክዪ ነገ ትከሻውን ስትነኪ ሥራሽ ይበላሻል። ስለዚህ አንገትና ትከሻ፣ ከዚያ ደረት፣ ብብት፣ ወገብ፣ ዚፕ፣ ከሁሉም በኋላ የታችኛው ጫፍ።

ሁለተኛው የሳቲን ጠባይ ነው። መርፌ የገባበት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቀራል። በእንፋሎትና በጥፍር ቀስ ብሎ በማሸት ሊደበዝዝ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለሽ ግን አትመኪበት። ከዚህ የተነሳ በመኪና የተሰፋ ሳቲን ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይቻልም። አዲሱ ስፌት የአሮጌውን ቀዳዳ ወደ ውስጠኛው ትርፍ (ከስፌቱ አልፎ ወደ ውስጥ ወደሚቀረው ጨርቅ) ማስቀረት አለበት፤ ቀዳዳው ወደ ውጭ ከወጣ ሐረር ላይ በሚነሳው ፎቶ ሁሉ ይታያል። ከታች የምንነግርሽ እያንዳንዱ እርማት ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ሳቲኑን ከመንካትሽ በፊት ሁለት ሜትር አቡጀዲ ግዢና የላዩን ክፍል ብቻ በፓተርንሽ ቁረጪ። ትከሻውንም፣ ዳርቱንም (ለደረት ቅርጽ የሚሰጠውን ሾጣጣ እጥፋት)፣ ብብቱንም መጀመሪያ አቡጀዲው ላይ አስተካክዪ፤ ልክ ሲመጣ ልዩነቱን ለክተሽ ወደ ሳቲኑ አሻግሪ። አቡጀዲ አሥር ጊዜ ቢተረተር ግድ የለውም። ለሳቲኑ አዲስ መርፌ አግቢ፤ ቁጥሩ 70 ወይም 75 ይሁን። ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ክሩን ስቦ ጨርቁ ላይ ረጅም መስመር ያወጣል። የስፌቱ እርምጃ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስፒል ስትወጊ በትርፉ ላይ ብቻ ውጊ። ካውያሽን በቁራጭ ላይ ሞክሪ፤ ፖሊስተር ሳቲን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከውስጥ በኩል፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አልብሰሽ ነው የሚተኮሰው። ውኃ ከተንጠባጠበበት ክብ ምልክት ሊይዝ ስለሚችል ካውያው የሚተፋ ከሆነ ውኃውን አፍስሺና በደረቁ ተኩሺ።

አሁን ወደ አንገቱ። አንገት አፉን የሚከፍተው በሁለት ምክንያት ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለመለየት የወረቀት ፓተርንሽን በተሰፋው የፊት ክፍል ላይ አንጥፊና የአንገቱን ጠርዝ ለኪ። ጨርቁ ከወረቀቱ ከረዘመ ተለጥጧል ማለት ነው። የአንገት ክብ በከፊል በሰያፍ ስለሚቆረጥ ገና እጅ ሲነካው ይለጠጣል፤ ለዚህ ነው ቆራጭ መቀሱን እንዳስቀመጠ ከጠርዙ 1 ሳንቲም ገባ ብሎ ከትከሻ ወደ መሐል አንድ መስመር ቀጥ ያለ ስፌት የሚያሳርፍበት። አንቺ ይህን ሳታደርጊ ቀርተሽ ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጥጥ ጥብጣብ ውሰጂ፣ በወረቀቱ አንገት ልክ ቁረጪው፣ ጨርቁን በላዩ ላይ በእኩል እያከፋፈልሽ በእጅ ያዢውና ከአሮጌው የአንገት ስፌት ወደ ትርፉ ወገን ስፊ። ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲም ድረስ ያለ ልጠጣ በዚህና በቀላል ትኩሳት ይሰበሰባል።

ጨርቁና ወረቀቱ እኩል ከሆኑ ግን ስሕተቱ ያለው ከፓተርኑ ነው። ወደ ትከሻ የሚሰፋ አንገት ሲነደፍ የፊቱ ስፋት ከኋላው በግማሽ ሳንቲም ያህል መጥበብ አለበት፤ ያኔ ኋላው ፊቱን ስቦ ደረት ላይ ያስተኛዋል። ሁለቱን እኩል ካደረግሽ ፊቱ ይላላል። በተሰፋ ልብስ ላይ የሚደረገው የትከሻውን ስፌት በአንገቱ በኩል ማጥበብ ነው። አንገቱ ጋ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፊቱ ክፍል ውሰጂ፣ ወደ ትከሻ አጥንት እየሄድሽ ቀንሺና 12 ሳንቲም ላይ ከአሮጌው ስፌት ጋር ግጠሚ። ከኋላው አትውሰጂ። መስታወት ፊት ቆመሽ እጅሽን ወደ ታች ለቀቅ አድርጊ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ አንገቱ በሁለቱም ከተኛ በቃ። አሁንም የሚከፈት ከሆነ ጥብጣቡን ጨምሪበት እንጂ ትከሻውን ከ1 ሳንቲም በላይ አታጥብቢ፤ ከዚያ ካለፈ የፊቱ ወገብ ከኋላው ጋር አይገጥምም።

ደረቱ ላይ የወጣው ሹል ነገር የዳርቱ ጥፋት ነው፤ እስከ ጡት ጫፍ ድረስ ሰፍተሽዋል። ዳርት ከጡት ጫፍ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲም ቀርቶት ማለቅ አለበት። ዳርቱን ማሳጠር ጫፉን መፍታት ስለሆነ እዚያ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ይቀራል፤ ገና ተርትረሽ ሳትለብሺው በጥፍርሽ አሽተሽ ከውስጥ በእንፋሎት ተኩሺው። አዲሱን ስፌት ስትጨርሺ ወደ እጥፋቱ ድንገት አትታጠፊ። የመጨረሻውን 1.5 ሳንቲም ከእጥፋቱ ጋር ተቃቅፎ እንዲሄድ አድርጊ፣ ሁለት ሦስቱን የመጨረሻ ስፌት እጥፋቱ ጠርዝ ላይ አሳርፊ፣ ክሩንም መኪናውን ወደ ኋላ መልሰሽ ሳይሆን በእጅ ቋጥረሽ ዝጊ። መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ እዚያች ነጥብ ላይ ክር ይከማችና ሹሉ ተመልሶ ይመጣል። ስትተኩሺ ጠረጴዛ ላይ አትዘርጊው፤ ፎጣ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልዪና በክቡ ላይ አስተኝተሽ ተኩሺ።

ብብቱ ብዙ መባል ያለበት ቦታ ነው። እጅጌው ከደረቱ ጋር አንድ ላይ ሲቆረጥ ብብት ሥር እጅ ወደ ላይ የሚሄድበት ጨርቅ የለም። ለእስክስታ ትከሻሽን ብትጥዪ ወይም ሙሽራዋን ልታቅፊ እጅሽን ብታነሺ ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው እዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሐሳብሽ ብብቱን ዝቅ አድርጎ ማስፋት ይሆናል፤ እሱን ተዪ። ብብት ዝቅ ባለ ቁጥር እጅ ሲነሳ ቀሚሱ ሙሉ በሙሉ ከወገብ አብሮ ይነሳል። በዚያን ዘመን ይህን እጅጌ የሚሰፉ ሰዎች የሚያደርጉት ብብቱ ሥር ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው፣ ማስገባት ነበር። አንቺም ያንኑ አድርጊ፤ የተረፈሽ ግማሽ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

የቁራጩ አራቱም ጎን ከስፌት መስመር እስከ ስፌት መስመር 9 ሳንቲም ይሁን፤ አጭሩ መሐል ለመሐል ልኬት 8 ያህል ይሁን። ዙሪያውን 1.5 ትርፍ ጨምሪና ሁለት ቁራጭ በሰያፍ ቁረጪ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እጅ ሲነሳ ትንሽ ይሰጣል። ከዚያ የጎኑንና የእጅጌውን ሥር ስፌት ብብቱ አካባቢ 10 ሳንቲም ያህል ፍቺ። በፊትም በኋላም ከብብቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ አንገት የሚያመራ የ9 ሳንቲም መስመር በጠመኔ ከውስጥ አስምሪ። የተቀደደው በዚህ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ መቅደዱ ራሱ የመሰንጠቂያው አካል ይሆናል፤ ስለሱ አትጨነቂ። ከመስመሩ ከ1 ሳንቲም በላይ ርቆ የሄደ ከሆነ መስመሩን መቅደዱን እንዲያካትት አዘንብዪው፤ ግራና ቀኙን ግን እኩል አድርጊ።

አሁን አትሰንጥቂ። መጀመሪያ የመስመሩ ጫፍ መጠናከር አለበት፤ እዚያ ላይ የስፌት ትርፍ ወደ ምንም ስለሚጠጋ ካልተጠናከረ በመጀመሪያው ጭፈራ ይተረተራል። ከስስ ገበር ጨርቅ 5 በ5 ሳንቲም የሆነ ቁራጭ ቆርጠሽ በሳቲኑ ውጭ በኩል ጫፉ ላይ አስቀምጪ። በ1.5 ሚሊ ሜትር እርምጃ ከመስመሩ አንድ ወገን ወደ ጫፉ ስፊ፣ ጫፉ ላይ አንድ ስፌት ብቻ አግድም ሂጂ፣ ከዚያ በሌላው ወገን ውረጂ። መነሻው ላይ ሁለቱ ስፌቶች በትርፍ ልክ ይራራቁ፣ ጫፉ ላይ ይገናኙ። ከዚያ በመሐላቸው እስከ ጫፉ አግድም ስፌት አንድ ክር እስኪቀር ድረስ ሰንጥቂና የገበሩን ቁራጭ ወደ ውስጥ ገልብጪ። እዚያ ጫፍ ላይ አሁን የምትሰፊበት ጨርቅ አገኘሽ። የአልማዙን ሹል ማዕዘን ከዚህ ጫፍ ጋር አገናኚ፣ በእጅ ያዢ፣ መርፌውን ጫፉ ላይ ወግተሽ የመኪናውን እግር አንሺና ጨርቁን አዙሪ፣ ቀጥይ። አራቱንም ጎን በአንድ ሩጫ ለመስፋት አትሞክሪ፤ እያንዳንዱን ጎን ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ጎን ስፌቱ ውረጂ። የመጀመሪያውን ጥንድ አቡጀዲው ላይ ሥሪ። እጅ ሦስተኛው ላይ ነው የሚፍታታው፣ ሳቲኑ ደግሞ የእጅ መለማመጃ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀት አንድ ነገር። ፖሊስተር ሳቲን አያስተነፍስም፤ ልኬትና ሙከራሽን የምትሠሪው ድሬ ላይ ነውና ላብ ብብቱ ጋ ቀለም ያስቀይራል። የላዩን ክፍል ገበር ከስስ ጥጥ፣ ለምሳሌ ከፖፕሊን አድርጊው። ብብቱ ሥር ደግሞ በሁለት ድርብ ጥጥ የተሠራ ግማሽ ክብ መያዣ በሁለት በሦስት ስፌት በእጅ አያይዢ፤ በየሙከራው ፈትተሽ ታጥቢዋለሽ።

ወደ ወገቡ እንምጣ። ሒሳብሽ ትክክል ነበር፤ የጎደለው አንድ ቅነሳ ነው። የሙሉ ክብ ጉርድ ወገብ ከመሐል ነጥቡ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት የሚገኘው የወገቡን ዙሪያ ለ6.28 በማካፈል ነው፤ 74 ለ6.28 ሲካፈል 11.8 ይመጣል። አንቺ በ11.8 ቆረጥሽና 1.5 ሳንቲም ገብተሽ ሰፋሽ። ለጎን ስፌቱ ትርፍ ትተሻል፣ ለወገቡ ግን አልተውሽም። በክብ ላይ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ዙሪያው ይሰፋል፤ ስፌቱ የወረደው 13.3 ላይ ስለሆነ ዙሪያው 83.5 ሆነ። ያየሽው ልዩነት ይኸው ነው፣ 9.5 ሳንቲም፤ ትንሽ ልጠጣም ተጨምሮበታል። መቆረጥ የነበረበት በ10.3 ነው፤ የወገቡ ጠርዝ በሰያፍ በሚያልፍበት ቦታ ስለሚለጠጥ በ10 ብትቆርጪው እንኳ አይከፋም። ለሚቀጥለው ፓተርንሽ ላይ ጻፊው።

አሁን ማድረግ የሌለብሽ ወገቡን እንደገና መከርከም ነው። 1 ሳንቲም በከረከምሽ ቁጥር ዙሪያው 6.28 ሳንቲም ይጨምራል። ሌላ ሰው ደግሞ ስፌቱን ከ1.5 ወደ 1 አምጪው ይልሽ ይሆናል፤ በሒሳብ 3 ሳንቲም ያህል ይቀንሳል፣ እውነት ነው። በእጅ ብቻ አያይዘሽው ቢሆን እኛም ይህንኑ እንል ነበር። በመኪና ከሰፋሽው በኋላ ግን የአሮጌው ስፌት ቀዳዳ ከወገቡ በታች ግማሽ ሳንቲም ላይ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ስለዚህ ትርፉን ከጎኖቹ አውጪ። ሁለት የጎን ስፌት አለሽ፤ ከእያንዳንዱ 4.75፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጠርዝ 2.4 ሳንቲም ያህል። ወሳኙ ነገር አዲሱ ስፌት ከወገብ እስከ ታች ከአሮጌው ጋር እኩል ርቀት ጠብቆ መውረዱ ነው። ከላይ ሰፍቶ ዳሌ ላይ ወደ ምንም የሚጠብብ ስፌት ከድሩ አቅጣጫ ስለሚያፈነግጥ ዳሌሽ ላይ እብጠት ይፈጥራል። እኩል ከሄደ ከታችኛው ዙሪያ የሚቀነሰው ያው 9.5 ሳንቲም ነው፤ 70 ሳንቲም ርዝመት ያለው ጉርድሽ ታች ዙሪያው 5 ሜትር ከ20 በላይ ስለሆነ ማንም አያውቀውም። ሰፍተሽ ለብሰሽ ካረጋገጥሽ በኋላ ብቻ ትርፉን ቁረጪ።

ጎኖቹን መንካት ካልፈለግሽ አራት እጥፋት፣ እያንዳንዳቸው 2.4 ሳንቲም፣ በላዩ ክፍል ዳርቶች ትይዩ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይተኮስ የሚለቀቅ እጥፋት ለዚያ ዘመን ቀሚስ እንግዳ አይደለም። የእኛ ምርጫ ግን የመጀመሪያው ነው። ዚፑ ለማንኛውም መፈታቱ ስለማይቀር የግራው ጎን ሥራ ትርፍ ድካም የለውም። መሸብሸብ ብቻ አትሞክሪ፤ ሳቲን በወገብ ላይ ሲሸበሸብ ያወፍራል።

ወገቡ ከተገጣጠመ በኋላ ከውስጥ ጥብጣብ አግቢበት። ፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ክርስቲያን ዲዮር በፈረንጆቹ የካቲት 1947 ፓሪስ ላይ ቀጭን ወገብና ሰፊ ጉርድ ይዞ ከመጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሰፉት የማታ ቀሚሶች ቅርጻቸውን የያዙት በውስጣቸው ባለው ሥራ ነው፤ ውጭ የሚታየው ጨርቅ ብቻውን ያን አያደርግም። አምስት ሜትር ዙሪያ ያለው ሳቲን ከባድ ነው፤ ክብደቱን ለላዩ ክፍል ብቻ ከተውሽለት ወገቡ ማታ ላይ ሁለት ሳንቲም ወርዶ ታገኚዋለሽ። 2.5 ሳንቲም ስፋት ያለው የማይለጠጥ ጠንካራ ጥብጣብ በትክክለኛው ወገብሽ፣ በ72፣ ለኪ፤ ለጫፎቹ እጥፋት በየጎኑ 3 ጨምሪ። ዚፑ ጋ ሲደርስ በየወገኑ 4 ሳንቲም ለቀቅ ብሎ እንዲቀር አድርገሽ በወገቡ የስፌት ትርፍ ላይ በእጅ አያይዢው፤ ወደ ውጭው ሳቲን መርፌ አይለፍ። ሁለት መንጠቆ አብጂለት። ስትለብሺ መጀመሪያ መንጠቆውን፣ ከዚያ ዚፑን ትዘጊያለሽ፤ ዚፑ ሳይጎተት ስለሚዘጋም ዕድሜው ይረዝማል።

ዚፑ የተሸበሸበው የጎኑ ጠርዝ ሲሰፋ ስለተለጠጠ ነው። ፍቺው፣ የጨርቁን ጠርዝ ከወረቀቱ ጋር አስተያዪና በእንፋሎት ወደ ልኩ መልሺው። ሁለቱም ጠርዝ ላይ ከውስጥ 2 ሳንቲም ስፋት ያለው፣ በካውያ የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ለጥፊ። ብብቱ ላይ አሁን የአልማዙ ቁራጭ ስላለ ዚፑ ከእሱ 2.5 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ ከወገብ በታች ደግሞ 18 ሳንቲም ያህል ይውረድ። አለዚያ በራስሽ ላይ ስታጠልቂው ትከሻሽ ላይ ይቀራል። ዚፑን ዘግተሽ የወገቡን ቦታ በሁለቱም ወገን በጠመኔ ምልክት አድርጊ፤ ይህ ካልተደረገ የወገቡ ስፌት አንዱ ከሌላው በልጦ ይዘጋል። በእጅ ያዢና ሁለቱንም ወገን ከላይ ወደ ታች ስፊ። አንዱን ወደ ታች ሌላውን ወደ ላይ ከሰፋሽ መኪናው የታችኛውን ጨርቅ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትት ሽብሽቡ ተመልሶ ይመጣል።

የጠርዝ መተርተር ጉዳይም አለ። የስፌት መኪናሽ ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ትርፎቹን ኦቨርሎክ (ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ መኪና) ላለው ልብስ ሰፊ ስጪ። እህትሽ ጋ ሐረር ወጥተሽ ከሆነ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ደጃፍ ለደጃፍ ተደርድረው የሚሰፉት ሰዎች እዚያው ቆመሽ እያየሽ ይሠሩልሻል። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂ፦ ጠርዙን እንዳይቆርጥ። ኦቨርሎክ ቢላ ስላለው ካልነገርሽው 5 ሚሊ ሜትር ይበላል።

የታችኛው ጫፍ ከፍ ዝቅ ያለው በሰያፍ የሚወርደው የጉርዱ ክፍል በራሱ ክብደት ስለረዘመ ነው። በድርና በማግ አቅጣጫ ያለው ቦታ አይረዝምም፣ በመሐላቸው ያለው ይረዝማል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ የምታገኚው ከፊት መሐልና ከጎን መካከል ነው። እጥፋቱን ፍቺና ቀሚሱን ቢያንስ ሁለት ቀን አንጠልጥዪው፣ ክብደቱ ትከሻው ላይ ሳይሆን የወገቡ ጥብጣብ ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ። ከዚያ የሠርጉን ጫማና ከሥር የሚለበሰውን ጁፖን አድርገሽ ልበሺው። ጁፖን ጉርዱን ከውስጥ ስለሚገፋ ያለ እሱ የተለካ ጫፍ በሠርጉ ቀን ከፍ ይላል። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አትዙሪ፣ ወደ ታች አትመልከቺ፤ ሌላ ሰው በእንጨት ማስመሪያ ከወለሉ እየለካ በየ10 ሳንቲሙ ምልክት እያደረገ ይዙርሽ። ሁሉም ወደ አጭሩ ቦታ መምጣት አለበት፤ የድሮው እጥፋት ቀዳዳም ከአዲሱ እጥፋት በታች ወድቆ መቆረጥ አለበት። ከ3 እስከ 4 ሳንቲም ታሳጥሪያለሽ፤ 66 ወይም 67 ሲሆን አሁንም ባትሽ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለዚያ ቅርጽ ደግሞ ተስማሚ ነው።

ክብ ጉርድ ላይ ሰፊ እጥፋት አይተኛም፣ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ስለሚጠብብ ይሸበሸባል። ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ አንድ መስመር ስፊ፣ በዚያው መስመር ላይ እጠፊ፣ ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ከርክሚ፣ እንደገና አጥፈሽ በእጅ ወይም በመኪና ዝጊ።

ጁፖኑን ካልሠራሽው ለ62 ሳንቲም ርዝመት የሚሆን ልኬት ይኸውልሽ። ከላይ 22 ሳንቲም ከጥጥ፣ በዳሌሽ ልክ 6 ጨምረሽ፣ በጎን በቁልፍ የሚዘጋ፤ ላስቲክ አታግቢ፣ ጠባቡ ወገብ ሥር ይወፍራል። ከእሱ ሥር 20 ሳንቲም ቁመትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቱል (እንደ መረብ ያለ ስስ ጨርቅ)፣ ከዚያ ሥር ሌላ 20 ሳንቲም ቁመትና 6 ሜትር ርዝመት። ወርዱ 150 ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ቱል ይበቃል። ለመሸብሸብ በጠንካራ ናይለን ክር ላይ በዚግዛግ ስፊና ክሩን ሳቢ፤ መኪናሽ ዚግዛግ ከሌለው ሁለት ትይዩ የሰፋፊ እርምጃ ስፌት ሥሪና የታችኛውን ክር ሳቢ። የቱሉ ስፌት ባትሽን እንዳይቧጭር በቀጭን ጥብጣብ ሸፍኚው።

የከፋዩን ጃኬት በተመለከተ ቀለሙ አንድ ነው፤ ከፋይ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ አንዱን የፊት ክፍል ገልብጠሽ ቆርጠሻል። በእጅሽ ዳብሺው፤ አንዱ ወደ ታች ይለሰልሳል፣ ሌላው ወደ ላይ። ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነው ጠቆር ብሎ ይታያል። በመስፋት የሚስተካከል ነገር የለውም። ከዚያው ጥቅል ጨርቅ ካገኘሽ የተገለበጠውን አንዱን ክፍል ብቻ ቁረጪ። ጥቅሉ ካለቀና ሌላ ከፋይ መግዛት ግድ ከሆነብሽ ሁለቱንም የፊት ክፍሎች ከአዲሱ አውጪና ኋላውን እንዳለ ተዪው፤ አዲሱና አሮጌው የሚገናኙት ጎን ላይ፣ ክንድሽ ሥር፣ እና ትከሻ ላይ ስለሆነ ትንሽ የቀለም ልዩነት ቢኖር ዓይን አይዘውም። ሁሉንም ክፍሎች ከመቁረጥሽ በፊት በጀርባቸው ላይ የጠጉሩን አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርጊ። ስትተኩሺም ጠጉሩን ጠረጴዛ ላይ አታስተኚው፤ ሌላ የከፋይ ቁራጭ ጠጉሩ ወደ ላይ እንዲሆን አንጥፊና በላዩ ላይ ጠጉር ለጠጉር አስተኝተሽ፣ ካውያውን ሳታሳርፊ እንፋሎቱን ብቻ አስነኪው።